ጡሩምባው ከሞት በፊት ይነፋልን

ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ

ለኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የእድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ገንዘብ ያዦችና ጡሩምባ ነፊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ለክረምቱ አስቀድሞ ስለመለፈፍ



ዘንድሮ ሰኔ 1 የዋለው እሑድ ነው። ሰኔና ሰኞ ሊገጥሙ አንድ ቀን ሲቀራቸው ተላለፉ። እናቴ ብትኖር «እሰይ፣ ዘንድሮስ ተረፍን» ትል ነበር። እኔ ግን ዓመታት ሙሉ የእድር መዝገብ ስይዝ ስለኖርኩ፣ ሰኔ በየትኛውም ቀን ይግባ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደጃችንን ሳያንኳኩ እንደማያልፉ አውቃለሁ። ድንኳን በጋም ይተከላል። የክረምቱ ግን ሌላ ነው። የወንበሩ እግር ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሸራው ሆዱ ላይ ውኃ ይቋጥርና አንዱ ጎረምሳ በአጠና ከሥር ሲገፋው ለቀስተኛው ላይ ይዘረገፋል። እዚያ ሥር ቁጭ ብዬ ስም ስጠራና ቀሪ ስመዘግብ አንዳንዴ እስክሪብቶዬ ይቆማል። ይህ የምናለቅስለት ሰው ታሞ አልሞተም፤ አርጅቶም አልሞተም። አንድ ሰው ማታ በሩን አንኳኩቶ ሁለት ቃል ቢነግረው ኖሮ ዛሬ ከእኛ ጋር ወንበር ያነሣ ነበር።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢጻፍ ወግ ነበር፤ ለእነርሱም ግልባጭ አድርጌያለሁ። ዋናውን ለእናንተ የላክሁት፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አንድን ሰፈር ሙሉ ከአልጋ የማስነሣት ሥልጣን ያለው እድር ስለሆነ ነው። ሬዲዮ ይዘጋል፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ በመጀመሪያው ዝናብ ይላጣል። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ትንበያውን ያወጣል፤ ትንበያው ግን ስለ ሰፊ አገር ነው የሚያወራው። «ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ወንዝ ዳር ለምትኖር እናት ዛሬ ማታ ልጆቿን የት ታስተኛ እንደሆነ አይነግራትም። ያንን የሚነግራት ጎረቤቷ ነው። ጡሩምባ ነፊው ሲጮኽ ደግሞ «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ብርድ ልብሱን የሚስብ የለም፤ ቀሪ ቅጣት አለበትና። (ቅጣቱ ባይኖር ስንቶቻችን እንደምንነሣ እሱ ይወቀው።)

ከከሰሉ ልጀምር፤ በእኔ በራሴ ደርሷልና።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ ነው። መብራት ከሄደ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ከሰዓት በኋላ በረዶ ጥሎ ግቢው ነጭ ሆኗል፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ስትጨርስ ማንደጃውን ደጅ ልታወጣ አነሣችው። «ተዪው፤ ጭሱኮ አልቋል፤ ልጅቷ ትሙቅበት» ያልኩት እኔ ነኝ። እውነትም ጭስ የሚባል አልነበረውም። ፍሙ ቀልቶ፣ ላዩ ላይ ስስ ነጭ አመድ ለብሶ፣ ሲያዩት የሚያሳሳ ነበር። በበሩ ሥር የሚገባውን ንፋስ ባሮጌ ጋቢ ወተፍኩት። የመስኮቱን ስንጥቅ ሰኔ ላይ በፌስታል ጠቅጥቄዋለሁ።

ትንሽ ቆይቶ ልጄ «ራሴን አመመኝ» አለች። ጉንፋን ነው አልናት። ባለቤቴን አጥወለወላት፤ ከምሳው ነው አለች። እኔን እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ፤ ድካም ነው አልኩ። ሦስታችን ሦስት ምክንያት ስናበጅ መካከላችን የተቀመጠውን ማንደጃ የጠረጠረው የለም። ያተረፈን ሻማ ሊዋስ የመጣ ጎረቤት ነው። ልከፍትለት ስነሣ ጉልበቴ ከዳኝና እጄ መቀርቀሪያው ላይ እንዳለ ደፉ ላይ ተደፋሁ። በሩ ተከፈተ፤ ንፋስ ገባ። ያን ዕድሜ ልኬን የምፈራውን ንፋስ እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ንፋስ የምንፈራ ሕዝብ ነን። ታክሲ ውስጥ አሥራ ምናምን ሰው ትንፋሽ ለትንፋሽ ተጣብቀን መስኮት ቢከፈት «ብርድ ሊመታን ነው» ብለን እንጮኻለን። ይኸው ልማድ ክረምት ሲመጣ ቤታችንን ሣጥን ያደርገዋል። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም፤ አይሸትም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ አያስልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ሲያገኝ፣ ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል ይይዘዋል። ታክሲ ውስጥ ቀድሞ ወንበር ይዞ «አልወርድም» እንዳለ ተሳፋሪ ቁጠሩት፤ ኦክስጅኑ ደጅ ላይ ቆሞ ይቀራል። «ጭሱ አልቋል» የምትለው ቃል ናት እንግዲህ የምትገድለን። የሚጨስ ከሰል ቢያንስ ዓይን አስለቅሶ ያባርራል፤ ፍም የሆነው ግን ድምፁን አጥፍቶ ሥራውን ይሠራል።

የድሃ ሰፈር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየካቲት 2013 ዓ.ም. የአሜሪካዋን ቴክሳስ ያልለመደችው የበረዶ ማዕበል መታት። መብራት ጠፋ፤ ቤቶቹ እንደ ዋሻ ቀዘቀዙ። ሂውስተን ከተማ ይኖር የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ለመሞቅ ሲል ከቤቱ ጋር በተያያዘው ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሣ። እናትየዋና ትንሿ ልጇ ሞቱ፤ አባትየውና ወንድ ልጁ በሐኪም ርዳታ ተረፉ። እዚያ በመኪና ጭስ ማውጫ የወጣው ጋዝ እዚህ ከማንደጃችን የሚወጣው ነው። አገር ለቆ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ መኪናና ጋራዥ ላለው ቤት የደረሰ ነገር፣ በጭቃ ቤት ባንድ ክፍል ለምንኖረው እንዴት አይደርስም?

ስለዚህ ማታ ላይ እንዲህ ይለፈፍ፦ ማንደጃ ከሰው ጋር አያድርም። ቀልቶም ሆነ አመድ ለብሶ፣ ከመተኛት በፊት ደጅ ይውጣ። ቀን ቡና ሲፈላም በር ገርበብ ይበል። ባንድ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ጉንፋን አይደለም፤ ጉንፋን ተራ ይጠብቃል። እንዲህ ሲሆን ቶሎ መውጣት፣ በርና መስኮት መበርገድ፣ የተዳከመውን ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ሎሚ ማሽተትና ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣውም።

እዚህ ላይ አንድ ቅር የሚለኝን ልናገር። በየሰርቪስ ቤቱ አራትና አምስት ሆነው ባንድ ክፍል የሚያድሩ፣ ከገጠር ለቀን ሥራ የመጡ ልጆች አሉ። የእድር አባል አይደሉም። ተከራይ ናቸው፤ ነገ ይለቃሉ። ስለዚህ መዝገባችን ላይ የሉም። ክፍላቸው ጠባብ ነው፤ ልብሳቸው ረጥቦ ይገባል፤ እሱን ለማድረቅ ከሰል ያቀጣጥላሉ። ሲሞቱ ሬሳቸው በመኪና ተጭኖ ወደ አገራቸው ይሄዳል፤ እኛም «የማን ልጆች ነበሩ?» ተባብለን እንመለሳለን። መዋጮ ስላልከፈሉ ድንኳን ላይገባቸው ይችላል። ጡሩምባው ግን ከፋይና የማይከፍል ለይቶ አይሰማም።

ወደ ውኃው ልለፍ። ጎርፍ ሁልጊዜ የሚመጣው በራሳችን ላይ ከዘነበው ዝናብ አይደለም። ድሬዳዋን አስታውሱ። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግን በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ብዙዎቹ ተኝተው ነበር። እኛስ? ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ ተራራ ወገን ተነሥቶ ምዕራብ አዲስ አበባን እየሰነጠቀ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርድ ወንዝ ነው። በበጋ ስናየው አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ጥቁር ውኃ ስለሆነ እንንቀዋለን። የወጨጫ አናት ግን ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ ሰማዩ ከጠቆረ፣ ኮልፌ ላይ ፀሐይ ቢወጣም፣ ውኃው ጉዞ ጀምሯል ማለት ነው። በየመንደሩ ሥር ያሉት ስም የሌላቸው ጅረቶችም እንዲያው ናቸው።

ወንዝ ዳር የኖረ ሰው ምልክቱን ያውቃል። ውኃው ድንገት ይደፈርሳል፤ ቅጠልና ሃይላንድ እያግተለተለ ይመጣል፤ ከዚያ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ከሩቅ የከባድ መኪና ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ከተሰማ ጫማ መፈለጊያ ጊዜ የለም። መታወቂያውን፣ የቤት ካርታውን፣ የልጆችን የክትባት ካርድ አስቀድሞ ባንድ ፌስታል ቋጥሮ በር አጠገብ መስቀል እንጂ ያኔ ቁምሣጥን መበርበር አይቻልም። አንዳንዴ የሚሞተው የመጀመሪያውን ጎርፍ ያመለጠው ሰው ነው፤ ወጥቶ፣ ተርፎ፣ ለፍራሽና ለቴሌቪዥን የተመለሰው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አንድ ቀን በጣለ ዝናብ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ 7 ሰው በጎርፍ ሞቷል። ያም ቀን ጠዋት ሲነጋ እንደማንኛውም የክረምት ቀን ነበር።

አፈር ሲናድ የሚሆነውን ደግሞ ከእኛ ክፍለ ከተማ በላይ የሚያውቅ የለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው ቆሼ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ከክምሩ ሥር ጎጆ የቀለሱ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። የተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ከእናንተ መካከል በዚያ ሳምንት በየሐዘን ቤቱ ድንኳን ሲያመላልሱ የሰነበቱ ይኖራሉ። እኔ ከዚያ የያዝኩት አንድ ነገር፣ ጊዜው መጋቢት መሆኑን ነው። ሐምሌ አልነበረም፤ የተናደው ነገር ክረምት አልጠበቀም። ክረምት ሲጨመርበትማ ስንቱ ግንብ፣ ስንቱ ዳገት ነው ሰበብ የሚጠብቀው?

የድጋፍ ግንብ ሲወድቅ በድንገት ወደቀ እንላለን፤ እውነቱን ግን ሳምንታት ሙሉ ሲነግረን ነበር። መጀመሪያ ጣት የማያስገባ ስንጥቅ ይታያል። ከዚያ ግንቡ ሆዱን ይገፋል። ከሥሩ የነበረው የውኃ መውጫ ቀዳዳ በአፈር ይደፈንና ውኃው በላይ በኩል ያዣል። አጥሩ ላይ ያለው እንጨት ዘንበል ይላል፤ በሩ አልዘጋ ይላል። ከአጠና ተራ ሁለት ወፍራም አጠና ገዝቶ ማስደገፍ እስከ መስከረም አያዘልቅም፤ ለአንድ ሌሊት ተስፋ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሆዱን በገፋ ግንብ ሥር አልጋ ያለው ሰው ግንቡ እስኪፈርስ ወይም እስኪሠራ ድረስ አልጋውን ወደ ሌላው ግድግዳ ያዙር። ሌላ ክፍል ከሌለው ጎረቤት ቤት ይደር። «ማንን አስቸግራለሁ» ባይ ብዙ ነውና ጎረቤቱ ራሱ ቀድሞ ይጥራው።

የእድር ሰው ከሁሉ በላይ ሊያውቀው የሚገባው ግን የጎፋው ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንሸራተተ። ጎረቤት ጡሩምባ የነፋለት ያህል ተጠራርቶ መጣ፤ በእጁ፣ በዶማ፣ በአካፋ መቆፈር ጀመረ። ቆፍሮ ሳይጨርስ ከላይ ያለው ዳገት ሁለተኛ መጣና ቆፋሪዎቹን አለበሳቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ሊታደጉ የሮጡ ነበሩ። ያን ዜና ስሰማ የራሴን እድር ወንዶች አየኋቸው። እኛም እንደዚያው ነን፤ «ኡኡ» ሲባል ማን ነው ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ? እንግዲህ ከሚሮጡት መካከል አንዱ፣ ዓይኑ የሚያይና ድምፁ የሚሰማ አንድ ሰው፣ ቁፋሮውን ትቶ ዳገቱን ብቻ ይጠብቅ። ትንሽ አፈር ሲንኮታኮት፣ ድንጋይ ሲንከባለል ካየ ይጩኽ፤ ሁሉም ዶማውን ጥሎ ወደ ጎን ይውጣ። አንዱ ቆፋሪ ቢቀንስ ይሻላል፤ ጀግንነት ነው ብዬ ሃያ ስም ባንድ ቀን መጥራት አልፈልግም።

መንገዱን በአጭሩ ላንሣ፤ ሾፌሮች ከእኔ ይበልጥ ያውቁታልና። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንደሚባለው፣ ጎርፍን ያልቀመሰ ሾፌር አስፋልት ላይ የተኛውን ውኃ ኩሬ ይለዋል። 15 ሴንቲ ሜትር የሚሮጥ ውኃ፣ ስንዝር እንኳ የማይሞላው፣ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። 30 ሴንቲ ሜትር፣ ክንድ የማይሞላው፣ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ከደረሰ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል፤ ሦስት እግር ያላት ባጃጅማ ምን ትሆናለች። ሥሩ ምን እንዳለ ደግሞ አይታይም። አንድ ሰኔ፣ ከሥራ ስመለስ፣ ጉልበት በማይደርስ ቡናማ ውኃ ውስጥ ስራመድ ግራ እግሬ መሬት አጣ። ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል ነበር። የያዝኩት ዣንጥላ በአግድም ተጋድሞ ብብቴ ሥር ባይያዝ ኖሮ መዝገቡን ዛሬ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር። በማግስቱ አንዲት እናት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አምጥተው ቀዳዳው ላይ ተከሉበት። ይህች ከተማ ከሠራቻቸው የመንገድ ምልክቶች ሁሉ የማከብረው እሱን ነው። ቅርንጫፉ ግን ሌሊት አይታይም፤ ነጭ ማዳበሪያ ይታሰርበት።

ከአየር ጤና፣ ከቤቴል፣ ከዓለም ባንክ የምትሠሩ የታክሲ ልጆችም ይህን እወቁ፤ ደረቅ ከርሞ የወረደው የመጀመሪያው ካፊያ ከዶፉ ይልቅ ያንሸራትታል፤ የበጋው አቧራና የፈሰሰ ዘይት ተለውሶ ሳሙና ይሆናል። ተሳፋሪውም አንድ መስኮት ቢከፈት አይሞትም፤ ሾፌሩ በላቦት የጨለመ መስታወት በእጁ እየጠረገ ከሚነዳ ብርዱን እንቻለው። መብረቅ ሲያይ ወደ ዛፍ የሚሮጥ እግረኛ ደግሞ ወደ መብረቁ ነው የሚሮጠው። ብልጭታውን አይቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቁጠር፤ 30 ሳይሞላ ከሰማ 10 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅምና ቤት ወይም መኪና ውስጥ ይግባ።

መብራትን በተመለከተ የምለው ትንሽ ነው። ወለሉ ውኃ ከያዘ በርጥብ እጅና በባዶ እግር ወደ ማከፋፈያው መሄድ የለም። ውኃው ሳይገባ፣ ሰማዩ ሲከብድ ነው ብሬከሩ መውረድ ያለበት። የተበጠሰ ገመድ መሬት ላይ ካለ ሰፈሩ መብራት ቢጠፋም ሞቷል ብላችሁ አትመኑት፤ መብራት መጣ ሄደ የሚል አገር ውስጥ ነን። ልጆች አርቃችሁ 905 ደውሉ። የእሳትና የድንገተኛ አደጋው 939 ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፤ ፖሊስ 991። አራቱንም መዋጮ በምንከፍልበት ካርድ ጀርባ ማተም ስንት ያስወጣል? ካርዱን እንደሆነ የሚጥለው ሰው አላየሁም።

«ደንባችን ቀብር ነው የሚለው» የሚል ዳኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ የእኛም ይሉታል። ደንብ ግን ተሻሽሎ ያውቃል። ኤች.አይ.ቪ. ሰፈሩን ሲያራቁት ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች «የታመመ እንዳንጦር፣ ወላጅ አልባ እንዳናሳድግ ደንባችን አይፈቅድም» ብለው አልቀሩም፤ ጉባኤ ጠርተው አንቀጽ ጨመሩ። አሁን የምለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቁጥር ዘመነ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ እሑድ ጉባኤ ይጠራ። ወንዝ ዳር ያለው ቤት፣ ከግንብ ሥር ያለው ቤት፣ ብቻቸውን የሚኖሩት አዛውንት፣ የቀን ሠራተኞቹ ክፍል በጸሐፊው መዝገብ ላይ ይለይ። ለእያንዳንዱ አንድ አንኳኪ ይመደብ። መስጊዱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ ማጉያ አላቸው፤ በክፉ ሌሊት እንዲያውሱን ከወዲሁ እንለምን። በውኃ የተከበበ ቤተሰብ የሚያድርበት ቦታ ሲጠፋ፣ ለለቀስተኛ የሚተከለው ድንኳን ለሕያው ቢተከል የሚቀየም ሙት አለ ብዬ አላምንም።

የዚህን ደብዳቤ ረቂቅ ያነበብኩት ለጡሩምባ ነፊያችን ነው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና «ጥሩ ነው ጋሼ፣ ግን ሁለት ችግር አለው» አሉ። አንደኛው የዝናብ ልብስ ነው፤ ባለፈው ክረምት የገዛንላቸው ብብቱ ላይ ተቀዷል። ሁለተኛው፣ የሞት ጥሪና የጎርፍ ጥሪ በምን ይለያል? ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየመታ ሊወጣብኝ ነው አሉ። ይህን እኔ ከቶ አላሰብኩትም ነበር። ተነጋግረን ለሞት እንደ ድሮው አንድ ረጅም፣ ለክረምት ሦስት አጫጭር እንዲሆን ተስማማን።

ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ ለመሞከር ያህል ወጥተው ሦስት ጊዜ አጠር አጠር አድርገው ነፉ፤ አስከትለውም «ከሰል ያለበት ያውጣ!» አሉ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት እማማ በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ በሌላው ሻማ ይዘው ብቅ አሉ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ገና ማንም፤ ማንደጃውን ያውጡት እማማ» አሏቸው።

እማማ ቆም ብለው አሰቡ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ፤ ማንደጃውን በጨርቅ ይዘው ደጃፉ ላይ አስቀመጡት።

ከሰላምታ ጋር፣
የአንድ እድር ጸሐፊ፣ ከኮልፌ

ግልባጭ፦
ለኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ አስተዳደር
ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን
በሰፈራችን ለምትኖሩ አከራዮች በሙሉ
የማንሆል ክዳን ለሚገዛው ቆራሌያችን